ቦርከና ዳር ያለችው ቀንድ አውጣ ቤቷ ባዶ አይደለም

ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ሐርቡና ከሚሴ ላላችሁ፣ ሐይቅ ከተማ ላላችሁ፣ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ቅዳሜና እሁድን ውሃ ዳር ለምታሳልፉ ሁሉ ነው የምጽፈው። ልጆቻችሁን ከወንዙ አውጡ። ነገ አይደለም፣ ፈተና ሲያልቅም አይደለም፤ ዛሬ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፣ ልጁ ግን መጀመሪያ ይውጣ።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ወደ እህቴ ቤት ስሄድ ከቦርከና ጋር የምትቀላቀል አንዲት ትንሽ ጅረት አጠገብ ቆም አልኩ። ቀትር ተቃርቧል። ሁለት ሴቶች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው አንሶላ ያጥባሉ። አንድ አዛውንት ለዙህር ሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። አራት አምስት ልጆች ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አስጥተው ይንቦጫረቃሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጠጠር መቁጠር ይቻላል። ማንም እናት አይታው «ይኼ ንጹሕ ነው፣ ግባ» የምትለው ዓይነት ውሃ።

ከዳር ከበቀለው ሣር አንዱን ቅጠል በእንጨት ገለበጥኩት። ሦስት ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈዋል። ትልቋ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ቤቷ እንደሌሎቹ ሾጣጣ አይደለም፤ መሬት ላይ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀለሟም የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ሳይንስ ባዮምፋላሪያ ፌይፈሪ ይላታል። ለዓይን ምንም የማትከብድ፣ ልጅ በጣቱ አንስቶ የሚጫወትባት ፍጥረት ናት። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዝያን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ግን በዋነኛነት እሷ ናት።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ወርዶ ሲመለስ ለእኛ ለልጆቹ የሚነግረን አንድ ነገር ነበረው፤ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ቤቱን ተሸክሞ ስለሚሮጥ ሸርጣን። ያኔ ተረት ይመስለን ነበር። ተረት አልነበረም። ይህ ሸርጣን ፊቱና ጥፍሩ ጠንካራ ነው፣ የኋላ አካሉ ግን ስስና ለስላሳ ስለሆነ ሌጣውን ከቆየ የዓሣና የወፍ ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ የተወውን ዛጎል ይፈልጋል። ሲያገኝ ዘሎ አይገባም። ላዩን በጥፍሩ ይዳስሳል፣ አፉን ይለካል፣ ያገላብጠዋል፣ ውስጡን ይፈትሻል፤ የተሸነቆረ ወይም ያልበቃው እንደሆነ ትቶት ይሄዳል። ሲያድግ ቤቱ ይጠበዋልና እንደገና ፍለጋ ይወጣል። አንድ ሰፊ ዛጎል ብቅ ያለ እንደሆነ ብዙዎቹ ተሰብስበው ከትልቅ እስከ ትንሽ ይሰለፋሉ፤ ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ተከታዩ የእሱን፣ ሦስተኛው የተከታዩን እየወረሱ ሰልፉ በሙሉ ቤት ይቀይራል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸርጣኑ የሚፈልገው በአብዛኛው ባዶ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ የቀረውን። በእኛ ጅረት ያለው ተከራይ ግን ባዶ ቤት አይፈልግም። ባለቤቷ በሕይወት እያለች፣ እየበላችና እየተነፈሰች፣ ሥጋዋ ውስጥ ይገባል። እኛ ደግሞ ቅጠል ላይ ያችን ትንሽ ዛጎል ስናይ አንድ ቀንድ አውጣ ብቻ ያለ ይመስለናል።

እንዴት እንደሚገባ ላስረዳ። ቢልሃርዝያ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ሲፀዳዳ፣ በሰገራው ያለው እንቁላል በጎርፍ ታጥቦ ውሃ ይገባል። ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ ሰውነቱን የሸፈነው ጥቃቅን ፀጉር እየቀዘፈለት ይዋኛል። ምግብ አይበላም፣ የተሰጠው ዕድሜም ሰዓታት ብቻ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ቤት ካላገኘ ይሞታል። ከሸርጣኑም ይልቅ መራጭ ነው። የኛው የአንጀት ቢልሃርዝያ ከዚያች ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣና ከቅርብ ዘመዶቿ በቀር ሌላ ቤት አይሆነውም፤ ሾጣጣዋ ጎረቤቷ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይዘልቅም።

ያገኛት እንደሆነ ቆዳዋን በስቶ ይገባል። ከዚያ እሷ የራሷ አይደለችም። የምትበላው ለእሱ ይሆናል፤ የራሷን እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፣ ብዙ ጊዜም ፈጽማ ታቆማለች። የእሷን ዘር አስቁሞ የራሱን ያበዛባታል። ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ ከአንዲቷ ቀንድ አውጣ ሌላ ዓይነት እጭ መፍለቅ ይጀምራል፤ በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች። እነዚህ የሚፈልጉት ቀንድ አውጣ አይደለም። እግር ይፈልጋሉ፣ እጅ ይፈልጋሉ።

ይህን ላቦራቶሪ ውስጥ ማየት ይቻላል። ቀንድ አውጣዋን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጧትና ብርሃን ያበሩባታል። ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከውሃው ጠብታ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጅራታቸው እንደ መንሽ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ብርሃን ያስወጣቸዋል። ለዚህ ነው በወንዝም በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትበረታ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ። እስቲ ሰዓቱን ከእኛ ኑሮ ጋር አስተያዩት። ልብስ የሚታጠበው መቼ ነው? ልጅ የሚዋኘው መቼ ነው? የቀትር ውዱእ የሚደረገው መቼ ነው? እነዚያ ሁለት ሴቶች፣ እኚያ አዛውንትና እነዚያ ልጆች በሙሉ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ውሃ ውስጥ ነበሩ።

እጩ የሰው ቆዳ እንዳገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ጅራቱን ጥሎ ይገባል። ቁስል አይፈልግም፣ ውሃውን መጠጣትም ግድ አይደለም፤ እግር መንከር ይበቃል። አንዳንዱን ያሳክከዋል፣ ሌላው ምንም አይሰማውም። በሳንባ አልፎ ጉበት ደርሶ ትል ሆኖ ያድጋል። ከዚያ ወንዱ ሴቷን በሰውነቱ ስንጥቅ ውስጥ አቅፎ ይዟት አንጀትን በከበቡ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ። እንዲህ ተቃቅፈው ዓመታት ይቆያሉ፤ አንዳንዶቹ አሥርና ሃያ ዓመት አልፈው ተገኝተዋል። ሴቷ በቀን ከ100 እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ግማሽ ያህሉ በሰገራ ይወጣል። ሰውን የሚጎዳው የቀረው ግማሽ ነው፤ አንጀት ግድግዳ ላይ ይቀረቀራል፣ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይጣበቃል፣ ሰውነትም በዙሪያው ጠባሳ ይሠራበታል። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ጉበት ይደድራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ መጨረሻ ላይ በአፍ ደም ይመጣል። በየገጠሩ «መድኃኒት አዙረውበት ነው ሆዱ የተነፋው» ተብሎ የሚቀበረው ስንቱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ሆዱን ይለዋል፣ አልፎ አልፎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስቀምጠዋል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። አንድ ክሊኒክ ወሰደችው፤ «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። ለሳምንት ተሻለው፣ ተመለሰበት። እንደገና አሜባ። ሦስተኛም አሜባ። «ወንድምዬ፣ ይኼ ልጅ አንጀቱ ደካማ ነው መሰለኝ» አለችኝ። የት ነው የሚጫወተው ብላ የጠየቃት ባለሙያ አልነበረም። እኔም አጎቱ፣ እዚያ ጅረት ዳር ስንት ቀን እርጥብ ሱሪውን ይዞ ሲመጣ እያየሁት፣ አልጠየቅሁም።

በኋላ ሌላ ቦታ ሰገራው በሦስት የተለያየ ቀን ታየ። ሦስተኛው ቀን ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት።» ዓይኔን መነጽሩ ላይ አደረግሁ። ረዘም ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ እንቁላል፤ ከጎኑ አንድ እሾህ ወጥቶበታል፣ እንደ ጽጌረዳ ግንድ እሾህ። ውስጡ ያለው ነገር በሕይወት አለ፣ ይርገበገባል። ከልጁ ሆድ የወጣ ነው። ያ የጎን እሾህ የአንጀት ቢልሃርዝያ መታወቂያ ነው፤ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። እናቶች፣ ይህን ያዙልኝ። ልጃችሁ ወንዝ ወይም መስኖ የሚገባ ከሆነና ደም ካስቀመጠው «ለቢልሃርዝያ ታይቶልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ታይቶ «የለም» ቢባል እንኳ በዚያ አይበቃም፤ እንቁላሉ በየቀኑ እኩል አይወጣም።

ደሴዎች «ይኼ የቆላ ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። በከፊል ልክ ናችሁ። የበሽታው መተላለፊያ በአገራችን በብዛት ከ2,200 ሜትር በታች ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ትሉን በቀንድ አውጣዋ ውስጥ አያሳድገውም። ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 ሜትር ብዙም አትበልጥም፣ ሐይቅም በዚያው ክልል ውስጥ ነው። ሰው ደግሞ እንደ ዛፍ አንድ ቦታ ተተክሎ አይኖርም። ጠዋት ደሴ ቁርሱን የበላ ልጅ ረፋድ ላይ ኮምቦልቻ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። ሐይቅ ለሽርሽር የሚሄደው የደሴ ሕዝብማ ስንቱ ነው!

ደጋውም ቢሆን ከቀንድ አውጣ አላመለጠም። በረግረግ ሜዳችን የምትኖር ሌላ ትንሽ ሾጣጣ ቀንድ አውጣ አለች፤ የከብቱን የጉበት ትል የምታሳድግ። ከእሷ የወጣው እጭ ሣር ላይ ተለጥፎ በሽፋን ይከለላል፣ በግና ላም ይግጡታል። ቄራ ሄዳችሁ የሥጋ መርማሪው ጉበት ሲሰነጥቅ ብታዩ፣ ከቱቦው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ሲወጣ ታያላችሁ፤ ጉበቱም ይጣላል። አርሶ አደሩ «ከሳብኝ» የሚለው በግ ብዙ ጊዜ ይህን ተሸክሞ ነው። ሰውም ከረግረግ የተቀነጠበ ቅጠል ጥሬውን ቢበላ ሊይዘው ይችላል። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ልተወው።

ደወሉን አሁን የምደውልበት ምክንያት መስኖ ነው። በቃሉ ወረዳም በተሁለደሬ ወረዳም ቦይ እየተቀደደ ነው፣ ኩሬ እየተቆፈረ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው፣ ወሎ ከድርቅ ጋር ያለውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው መስኖን አይቃወምም። ግን ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ዳሩ ሣር ያበቀለ ውሃ ለዚያች ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ የተሠራ ቤት ነው። በሴኔጋል ወንዝ ላይ የዲያማ ግድብ በ1986 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ሪሻር ቶል በምትባለው የሸንኮራ አገዳ ከተማ የአንጀት ቢልሃርዝያ አይታወቅም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ታዩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሕዝቡ አብዛኛው ተያዘ። ግድቡ ውሃውን አረጋጋ፣ ጨውን ከለከለ፣ ቀንድ አውጣዋ ተመቻት። ሠራተኛው ከየአካባቢው መጣ፣ ከመጡትም ትሉን በሆዱ የያዘ ነበረ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። እኛም አገር በወንጂ ሸዋ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ ደረቅ ወደብ ያላት፣ በየቀኑ ከየወረዳው ሰው የሚገባባት ከተማ ናት። ሁሉም ሰው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ያለው ቤት አይከራይም።

«መድኃኒት አለው አይደል?» የሚል አለ። አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ልጆቹን ደብቃችሁ አታስቀሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ በየትምህርት ቤቱ ልጆቹን በቁመት መለኪያ እያቆመ ክኒኑን ሰጥቷል። ነገር ግን ክኒኑ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ በቅርብ ሳምንታት የገባውን ለጋ ትል እምብዛም አይነካውም። ክትባትም አይደለም። ሰኞ ክኒን የዋጠ ልጅ ቅዳሜ ጅረቱ ውስጥ ከገባ ከዜሮ ይጀምራል። ትምህርት ቤት የማይሄደው እረኛ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አስጋሪ፣ እናቱ ጀርባዋ ላይ አዝላው ወንዝ የምትወርደው ሕፃን ደግሞ ከመጀመሪያው የክኒኑ ሰልፍ ውስጥ የሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በሽታው ባለበት አካባቢ ሕክምናው ከሁለት ዓመት ሕፃን ጀምሮ ለአዋቂውም እንዲደርስ መክሯል። ይህን የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች እንዲያነቡት እለምናለሁ። እናንተም ትልልቆቹ፣ ወንዝ ዳር ያደጋችሁ ሁሉ፣ ተመርመሩ። በሃያ ዓመታችሁ የገባባችሁ ትል ዛሬም ሊኖር ይችላል።

አሁን ስለ እንዶድ ልናገር፤ እዚህ ላይ ልቤ ይሞቃል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላው ቦታ ላይ ያሉት በሕይወት ናቸው። ሴቶቹን በምን እንደሚያጥቡ ጠየቁ። በእንዶድ። እናቶቻችን ከትውልድ ትውልድ ነጠላ ያነጡበት ፍሬ አረፋው ቀንድ አውጣን ይገድላል። አክሊሉ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው ኃይለኛውን፣ ቁጥር 44 የተባለውን፣ ለዩ። ሁለቱ በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተሸለሙ። ሙከራው እዚሁ ወሎ ውስጥም ተደርጓል፤ ቢልሃርዝያን በእንዶድ ስለመቆጣጠር የወጣው ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ታዲያ እንዶዱ የት ሄደ? ቁጥቋጦው ዛሬም በየአጥሩ ሥር አለ። የሳሙና ዱቄት መጣና ረሳነው።

ይሁንና ይህን ሰምታችሁ ነገ እንዶድ ወቅጣችሁ ወንዝ ላይ እንዳትደፉ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሐይቅ ላይ መጨመር የዓሣ አስጋሪውን እንጀራ መንሳት ነው። ልኩን፣ ቦታውንና ወቅቱን በሚያውቅ ባለሙያ፣ በጠባብ ቦይና በተለየ የውሃ መገናኛ ቦታ ነው የሚሠራው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያነብ መምህር ካለ፣ ተማሪዎቻችሁ ከግቢያችሁ ብዙም ሳይርቁ የሚሠሩት የመመረቂያ ጥናት ይኸውላችሁ።

በቤታችን የምንሠራውን ልንገራችሁ። እጩ ከቀንድ አውጣዋ ከወጣ በኋላ ሰው ካላገኘ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ከጅረት የተቀዳ ውሃ፣ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት፣ ተከድኖ ሁለት ሙሉ ቀን ካደረ ለልብስና ለገላ ይሆናል። የቸኮለ አፍልቶ ያቀዝቅዘው። ለመጠጥ ግን ሁልጊዜ ይፈላ፤ ሌላም ጀርም አለና። ውዱእም ከወንዙ በቀጥታ ከሚሆን አድሮ በተቀመጠው ውሃ በማንቆርቆሪያ ይሁን። ቦይ የሚያጸዳ ሰው ቡትስ ጫማ ያድርግ፣ ዳሩ ላይ ያለውን ሣር ይንቀል፤ የምትለጠፍበት ሲጠፋ ቀንድ አውጣዋም ትሳሳለች። ልጆች በባዶ እጃቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቀንድ አውጣ እንዳይለቅሙ። ዳር ላይ ደርቆ የተገኘ ባዶ ዛጎል ግን አይጎዳም፤ ባለቤቷ ስትሞት ተከራይዋም አብሮ ይሞታል። ከሁሉም በፊት ደግሞ መጸዳጃ ቤት። አንድ ቤተሰብ ጉድጓድ ቆፍሮ ቢከድን የስንት ጎረቤት ልጅ እግር እንደሚድን አስቡት። እንቁላሉ ውሃ ካልደረሰ ቀንድ አውጣዋ ንጹሕ ናት፤ ጥፋቱ መቼም የእሷ አልነበረም።

እህቴ ክዳን ያለው በርሜል ገዛች። ሐሙስ ጠዋት ቧንቧው ካልመጣ ከጅረቱ በጄሪካን ይቀዳል፤ የሚቀዳው አዋቂ ነው፣ ቡትስ አድርጎ። በርሜሉ ላይ በከሰል «ሐሙስ» ተብሎ ይጻፍበታል። ቅዳሜ ከሰዓት አንሶላው የሚታጠበው በዚያ ነው። ልጁ መድኃኒቱን ወስዷል፣ ደሙ ቆሟል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቹ ደጁ ላይ መጥተው «ወንዝ እንውረድ» ሲሉት ሰማሁት። «እናንተ ኑ፣ የሐሙሱ ውሃ አለ» አላቸው። አራቱም ጓሮ ገብተው በጣሳ እየተራጩ እስኪመሽ ቆዩ።